ደወል የሚጥላቸው አይጦችና የአይናለም ኪኒን

አቶ ደሳለው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅላቸው። የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሰው ሁሉ የሚመሰክርላቸው ጎበዝ ገበሬ፣ በማኅበር ቀን ጠላ ቀድተው ለማንም የማያዳሉ አሳላፊ፣ ለአንዲት ሴት ልጃቸው ለአይናለም ዓይናቸውን አውጥተው ቢሰጡ የማይቆጫቸው አባት ነበሩ። ችግራቸው አንድ ብቻ ነው። ነገር ሲሰሙ ግማሹን ሰምተው ሌላውን ግማሽ ከራሳቸው ይሞሉታል፤ የሞሉትን ደግሞ ከሰሙት አብልጠው ያምኑታል።

በፍልሰታ ጾም፣ ቡሄ ሊገባ ሲል፣ ወረታ መንገድ ዳር ቆመው ወደ ቀበሌያቸው የሚመልሳቸው ባጃጅ ይጠብቁ ነበር። በኮታቸው ኪስ ውስጥ አንድ የወረቀት ከረጢት አለ፤ ከረጢቱ ውስጥ የአይናለም ኪኒን። ልጅቱ የሚጥል በሽታ አለባት። ጤና ጣቢያ ታይታ ኪኒን ከተሰጣት ወዲህ፣ ቀድሞ በየሳምንቱ ትወድቅ የነበረችው ልጅ ክረምቱ ከገባ አንድም ቀን አልወደቀችም። እርሳቸው ግን ጾሙ ሲገባ ከረጢቱን ከእናቷ ከአምሳል እጅ ተቀብለው «ከእንግዲህ በቤቴ ይህን የምትውጥ የለችም» ብለው ከለከሉ። ዛሬ ለጤና ጣቢያው ሊመልሱት ወጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ነርሷ ምን ትለኝ ይሆን ብለው ፈሩና ዞሩ። ሜዳ ላይ መጣሉም አልሆነላቸውም።

ይህን ሁሉ ያመጣው የሐምሌው ማኅበር ነው። ጎረቤታቸው ይሄይስ ስለ ልጁ ማውራት ከጀመረ እንኳን ሰው ዝናብ አያስቆመውም። «ደብረወርቄ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነው የምትሠራው። ደወል ሲሰሙ የሚጥላቸው አይጦች አሉ፤ ለእነሱ የሚጥል በሽታ ኪኒን ትሰጣለች» አለ። አቶ ደሳለው ይህን ሰሙ። የቀረውን እንደ ልማዳቸው ራሳቸው ሞሉት፦ ልጄ የምትውጠው ከአይጥ የወጣ ነገር ነው አሉ። ማንንም አልጠየቁም።

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ቀድማ የተሳፈረች ወጣት ስታያቸው ብድግ ልትል ስትል ጣሪያው ራሷን መታት።

«ጋሼ ደሳለው! እንደምን ሰነበቱ? ደብረወርቅ ነኝ፣ የይሄይስ ልጅ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንች እንደምን ሰነበትሽ?» አሉና ከጎኗ ተቀመጡ። ደስ አላላቸውም። ሆኖም ሰው የጠላውን ወሬ ባለቤት ሲያገኝ ዝም ማለት አይችልምና፣ ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ ጭቃውን እንደጀመረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንች ነሽ አሉ አይጥ የምትቀልቢው?»

«እኔ ነኝ» አለች እየሳቀች።

«ወይ ጉድ! እኛ አይጥ ሩዛችንን ጨረሰብን ብለን ከጉድጓድ ጉድጓድ እናሳድዳለን፤ አንች ቤት ሰጥተሽ ታሳድጊያለሽ። አባትሽ ለዚህ ነው በሬ ሸጦ ያስተማረሽ?»

«ለዚህ ነው ጋሼ። እንዲያውም ለእነ አይናለም ብዬ ነው የምሠራው።»

የልጃቸው ስም ሲነሳ አቶ ደሳለው ወደ እርሷ ዞሩ። «እንግዲያ በሚካኤል ይዤሻለሁ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ የምትውጠው ኪኒንና አንች ለአይጥ የምትሰጪው አንድ ነው ወይስ የተለየ ነው?»

«እርሷ የምትወስደውንም እንሰጣቸዋለን። አንድ ዓይነት ነው።»

«አየሽ!» አሉና ጭናቸውን መቱ። «እኔም ይህን ብዬ ነው ያስጣልኋት! አይጥ ርኩስ ናት። ከርኩስ የወጣ ነገር በሆዷ ይዛ በፍልሰታ ልትቆርብ ነው? እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም።»

የደብረወርቅ ሳቅ ጠፋ። «አስጣልኋት አሉኝ? ከመቼ ወዲህ?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ።»

ባጃጁ ጭቃው ውስጥ ገባና ቀጥ አለ። ሾፌሩ ሙባረክ ሞተሩን አጠፋ። «አባባ፣ ከዚህ ወዲያ በእግር ነው። የፎገራን ጭቃ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው» አላቸው። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ።

መንገዱ በሁለት በኩል ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ መካከል ይሄዳል። ከሩቅ የቡሄ ጅራፍ ይጮኻል። ደብረወርቅ የተማረች ብትሆንም ሰው ማክበር ታውቃለች፤ ሽማግሌን ፊት ለፊት ተሳስተዋል ማለት ነውር ነውና በጥያቄ ጀመረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ የማኅበሩ አሳላፊ ነዎት አይደል? ጠላ ሲቀዱ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ? በመዳፌ ጠብ አድርጌ እቀምሳለኋ።»

«ለምን?»

«ይህም ይጠየቃል እንዴ! ክፉ ነገር ቢኖርበት እኔን ያግኘኝ፣ እንግዳውን አይንካው ማለት ነው። የአባቶቻችን ወግ ነው።»

«እርስዎ ስለቀመሱት ጠላው ከእርስዎ ሆድ ወጣ የሚል ሰው አለ?»

«ምን ነካሽ? ጠላው ከጋኑ ነው የሚወጣው።»

«ኪኒኑም የሚወጣው ከፋብሪካ ነው። ከአይጥ ሥጋም ከአይጥ ደምም አንድ ጠብታ የለበትም። አይጧ ቀማሽ ናት። ክፉ ነገር ቢኖርበት እርሷን ያግኛት፣ አይናለምን አይንካት ተብላ ከፊት የቀደመች ናት። አይናለም የምትውጠው ደግሞ እኔ ከምሠራበት ክፍል የወጣ አይደለም። እሱ ከኔም ከአባቴም ዕድሜ በፊት በሰው ላይ የታወቀ አሮጌ መድኃኒት ነው። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ከእሱ ጋር እናስተያየዋለን፤ መስፈሪያ ቁናችን እሱ ነው።»

አቶ ደሳለው ጭቃውን እያዩ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ መግባቱን ማሳየት ግን አልፈለጉም።

«እንግዲህ እኔን ከአይጥ ጋር አስተካከልሽኝ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ! እንዲያ ለማለት አይደለም።»

«ግድ የለም። ግን እኔ ወድጄ ነው የምቀምሰው። አይጧን ማን ጠየቃት? ደወል እየደወላችሁ ትጥሏታላችሁ አሉ። እሷስ የእግዜር ፍጥረት አይደለችም?»

ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ደብረወርቅም አላቃለለችውም። «ናት። መጀመሪያ ቀን ደወሉን ስደውል አይጧ እንደ እብድ ሮጠች፣ ወደቀች፣ ተንቀጠቀጠች። እኔም ወጥቼ አለቀስኩ። ዛሬም ደስ አይለኝም። ያለ ፈቃድ አንዲትም አንነካም፤ ከሚያስፈልገው በላይ አናስጨንቅም፤ በሌላ መንገድ የሚታወቅ ነገር ካለ በእነሱ ላይ አንሞክርም። ግን ጋሼ፣ ያልተሞከረ ነገር መጀመሪያ ማን ይቅመስ? አይናለም ትቅመስ?»

«አፍሽን ቁረጭው!» አሉ ደንግጠው። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይ፣ እሷስ አትቅመስ» አሉ።

ጅራፉ እንደገና ጮኸ። አቶ ደሳለው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ከዓመት ዓመት ከጎረቤት ልጆች ጋር የሚጣሉት በዚህ ጅራፍ ነው፤ ልጄን የሚጥላት እሱ ነው ይላሉ። ደብረወርቅ ይህን ታውቃለች።

«አይናለም የምትወድቀው ሁልጊዜ ጅራፍ ሲጮኽ ነበር?»

አሰቡ። «እንጃ። አንድ ጊዜ እንቅልፍ ላይ ሆና ወድቃለች። አንድ ጊዜ ከእናቷ ጋር ሽንብራ ስትለቅም፣ ምንም ድምፅ ሳይኖር።»

«እንግዲያ ጅራፉን በከንቱ ነው የሚጣሉት። ሰው ላይ በድምፅ የሚነሣ በጣም ጥቂት ነው። እነዚያ አይጦች ግን በዘራቸው እንዲህ ናቸው፤ ደወል ሲሰሙ ይወድቃሉ።»

«ታዲያ ለልጄ የማይሆነውን ድምፅ ምን አስፈለጋችሁ?»

«ጥሩ ጠየቁኝ! በራሱ ጊዜ የሚመጣ በሽታ ያስቸግራል። ዛሬ መድኃኒት ሰጥተው ዛሬ ባትወድቅ፣ መድኃኒቱ ያዛት ወይስ የመውደቂያዋ ቀን አልደረሰም? በምን ያውቃሉ? የእነዚያ አይጦች ግን ስንጠራው የሚመጣ ነው። ለግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ እንዲያው ውኃ እንሰጣለን። ከዚያ እንደውላለን። ውኃ የወሰዱት ወድቀው መድኃኒቱን የወሰዱት ከቆሙ፣ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው። የትኛዋ ምን እንደወሰደች ደወሉን የምደውለው እኔ እንኳ አላውቅም፤ ባውቅ ዓይኔ ያዳላል።»

«ዓይን ያዳላል» አሉ አቶ ደሳለው። ይህን ወደዱት። «ታዲያ አይጥን ያዳነ ሁሉ ሰውን ያድናል?»

«አያድንም። ብዙው መድኃኒት እዚያው ይቀራል። ያለፈው በሌሎች እንስሳት፣ ከዚያ ፈቃደኛ በሆኑ ጤነኞች፣ ከዚያ በጥቂት በሽተኞች፣ ከዚያ በብዙዎች ይታያል። ዓመታት ይፈጃል። ወረታ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ያን ሁሉ ወንፊት ያለፈው ነው።»

አቶ ደሳለው ልባቸው እየተሸነፈ ነበር። ሰው ሲሸነፍ ግን የመጨረሻዋን ዱላ ይፈልጋል፤ እርሳቸውም አነሷት።

«ይሁን! ሁሉንም ልቀበልሽ። ይኸው ግን ኪኒኑን ከተወች ወዲህ አንድ ቀን አልወደቀችም! ይህንስ ምን ትይዋለሽ? ጾሙና ጸበሉ አድኗታላ!»

ደብረወርቅ ቆመች። «ጋሼ፣ ጸበሉን ማንም አይከለክላትም፤ ሁለቱ አይጣሉም። ግን አሁን የነገርኩዎትን ያስቡት። ያልወደቀችው ድና ነው ወይስ ቀኑ ስላልደረሰ? መድኃኒቱ እንደሆነ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። እኔ ከባጃጁ ጀምሮ የፈራሁት ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው? ተናገሪ።»

«አይጦቹን ብዙ ጊዜ ሰጥተን ድንገት ስንከለክላቸው፣ ከቀድሞው የባሰ የሚጥላቸው አሉ። አንዳንዷ ከወደቀች አትነሣም። ሐኪሞችም በሰው ላይ ይህንኑ አይተዋል። ነርሷ እንዳታቋርጡ ብላ ያስጠነቀቀቻችሁ ለዚህ ነው። አይናለም አሁን የት ናት?»

«የት ትሆናለች፣ ሩዝ እያረመች…» አሉና አቶ ደሳለው ወደ ማሳዎቹ ውኃ ዞረው አዩ። ሩዝ የሚታረመው ውኃ ውስጥ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ ለቆመ ሰው ምንም አይደለም፤ በፊቱ ለተደፋ ግን ገደል ነው። ልጃቸው ዛሬ ጠዋት ቀሚሷን ሰብስባ፣ ባዶ ሆዷን፣ ወደዚያ ውኃ ስትወርድ እያዩ ነው ወደ ወረታ የወጡት።

«ወይኔ ደሳለው! በገዛ እጄ!»

ሮጡ። ያ የከበረ ሽማግሌ ጫማውን በአንድ እጁ፣ ከረጢቱን በሌላ እጁ ይዞ ጭቃውን እያንቦጫረቀ ሮጠ። ደብረወርቅ ተከተለቻቸው፤ እየሮጠችም አስተማረቻቸው፤ ጊዜው የማስተማሪያ አልነበረም፣ ግን ሌላ ጊዜ ላይኖር ይችላል።

«ወድቃ ካገኘናት ፊቷን ከውኃው ያውጡ! በጎኗ ያስተኟት! እጅ እግሯን አይያዙ! አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ!»

«ክብሪትስ?» አሉ እያለከለኩ። አይናለም በወደቀች ቁጥር ክብሪት ጭረው ጭሱን ሲያሸቷት ኖረዋል፤ አንድ ጊዜ አፍንጫዋን አቃጥለዋታል።

«ክብሪት አያነቃትም! ያቃጥላታል እንጂ! በራሷ ጊዜ ትነቃለች!»

ማሳው ታየ። ሴቶች ተሰልፈው ጎንበስ ብለው ያርማሉ። አቶ ደሳለው ከአንዷ ወደ አንዷ ተመለከቱ፤ አምሳል አለች፣ የጎረቤት ሴቶች አሉ፣ አይናለም የለችም። የልጅቱ ሻሽ ብቻ ድንበሩ ላይ ተጥሏል። አቶ ደሳለው ሻሹ አጠገብ ቁጭ አሉ። «ሚካኤል፣ እኔን ውሰደኝ፤ እሷን ተዋት» አሉ።

«አባዬ? ምነው? ምን ሆንክ?»

ዞሩ። አይናለም የነቀለችውን አረም በእቅፏ ሞልታ ከኋላቸው ቆማለች፤ ልትጥለው ሄዳ ነበር። ፊቷ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ግን ቆማለች። አባቷ እግሯን ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ልጅቱ ግራ ገብቷት አረሙን ጣለችና ራሳቸውን ያዘች፤ ሰው የሞተ መስሏት እርሷም ማልቀስ ጀመረች። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ።

አቶ ደሳለው ከረጢቱን ዘረጉላት። «ዋጪ! አሁኑኑ ዋጪ! ኀጢአቱ በኔ!»

አይናለም ከረጢቱን አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች። አምሳል ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ከዚያ መቀነቷን ፈታች፤ ከጫፉ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣች። ውስጡ ነጫጭ ኪኒን ነው።

«ከረጢቱን ስትቀበለኝ ግማሹን አስቀርቼ ነበር» አለች። «ማታ ማታ እሰጣታለሁ። አንድ ማታ አላለፋትም።»

አቶ ደሳለው ከኪኒኑ ወደ ሚስታቸው፣ ከሚስታቸው ወደ ልጃቸው አዩ።

«ከኔ ደብቃችሁ? በጾም?»

«ቄስ ገብረ ኪዳንን ጠይቄ ነው። "ቁርባኑ ጠዋት ነው፣ ኪኒኑ ማታ ነው፤ ምን አገናኛቸው? መድኃኒት መብል አይደለም፣ ልጅቱን እንዳታስገድሏት" አሉኝ። ላንተም ልነግርህ ነበር፤ አንተ ግን አንዴ ከከለከልህ መች ትሰማለህ? ብትሰማ መደበቁ ምን ያደርግልኝ ነበር?»

ደብረወርቅ ነጠላዋን በጥርሷ ነከሰች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነው። የመንገዱን ክርክር የቋጨው ይህ ነበር፤ ይህን መናገር ግን የእርሷ ፋንታ አልነበረም። አቶ ደሳለው ራሳቸው ደረሱበት። ግንባራቸውን በጭቃ እጃቸው መቱ።

«ከተወች ወዲህ አልወደቀችም እያልሁ መንገድ ለመንገድ ስፎክር መጣሁ! ለካ አልተወችውም! ያቆማት እሱ ነው ለካ! ዓይን ያዳላል ያልሽው ይሄ ነዋ፣ ደብረወርቅ!»

ከዚያ ወዲያ ሳቁን ማን ይመልሰው! መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። አምሳል ከሳቅም ከፍርሃትም ዕንባዋን ጠረገች። አቶ ደሳለው እጇን ያዙ። «ደግ አደረግሽ። ብቻ ከእንግዲህ አትደብቂኝ፤ እኔም ሳልጠይቅ አልከለክልም» አሏት። ይህን በሴቶቹ ሁሉ ፊት ማለታቸው ለእርሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

አይናለም በፍልሰታ ዕለት ቆረበች። ማታ ኪኒኗን ዋጠች። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ፣ አቶ ደሳለው ተነሥተው የሆነውን ሁሉ፣ ሞኝነታቸውንም ሳይቀር አወሩ። ክብሪት የሚጭር እጁን ይሰብስብ አሉ። የሚጥል በሽታ እንደ ሌላው በሽታ መድኃኒት አለው፤ አይጋባም፣ ነውርም አይደለም፤ መድኃኒቱን የጀመረ በሐኪም ቃል እንጂ በራሱም በአባቱም ቃል አይተወው አሉ። «ልጄ ዘንድሮ አርማለች፣ ገበያ ወጥታለች፣ ቆርባለች። ሳንጠይቅ የዘጋነውን ቤት ጠይቀን እንክፈተው» ብለው ተቀመጡ።

ሰው ሲበተን የመንደሩ ሰው አንለይ ወደ ኋላ ቀረ። የአንለይ ሚስት ጽጌሬዳ ከብዙ ዓመት በፊት በቅዳሴ መካከል ወድቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደጇ ወጥታ ያያት የለም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። አንለይ ወዲያና ወዲህ አየና «ያ ጤና ጣቢያ… ሴትም ያያል?» አለ።

«ያያል።»

«ሰው ቢያየንስ?»

«ይየን! እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ እኔን ይዩኝ።»

በማግሥቱ ሙባረክ ባጃጁን እስከ ደረቁ መንገድ ድረስ አምጥቶ ቆመ። ጽጌሬዳ በባሏና በአቶ ደሳለው መካከል ተቀመጠች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና፣ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። አስፋልቱን ይዘው ወረታ ሲገቡ ግን ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና አንገቷን ወደ ውጭ አሰገገች።

«ይህ ሁሉ ፎቅ መቼ ተሠራ?» አለች።